በረከት ስፌት ጋ ወራጅ አለ

በ1986 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ካዛንቺስ፣ ጋሽ ሙደሲር ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ወንበር ዝቅ ያለ ነበር። ክንዴ ከስፌት መኪናው አልገጥም አለ።

"ጋሼ፣ ወንበሩ አጠረኝ" አልኳቸው።

"ያጠርሽውስ አንቺ ነሽ" አሉና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ እቅፍ ቁርጥራጭ ጨርቅ አነሡ። "ትራስ ሰፍተሽ ተቀመጪበት። ከተተረተረ ግን ነገ እንዳትመጪ።"

አልተተረተረም። ስምንት ዓመት ተቀመጥኩበት። ቁልፍ ከመትከል ጀመርኩ፤ ጠርዝ ወደ ማጠፍ፣ ቀጥሎ ገበር ወደ ማልበስ አለፍኩ። በመጨረሻ መቀስ ተሰጠኝ። በዚያ ቤት መቀስ የያዘ ሰው ቆራጭ ይባላል፤ ከቆራጭ በላይ ባለቤቱ ብቻ ናቸው። ሙያዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም በጸሎቴ አነሣቸዋለሁ።

እስከ 1994 ክረምት ልጆቼ ሦስት ሆነዋል። ጠዋት ተኝተው ትቻቸው እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ ተኝተዋል። አንድ ማታ ስገባ ትንሿ ነቅታ "ያቺ እንግዳ ዛሬም እኛ ጋ ታድራለች?" ብላ እህቷን ስትጠይቅ ሰማኋት። እንግዳዋ እኔ ነበርኩ። በዚያው ሳምንት አንድ አሮጌ ስፌት መኪና ገዝቼ የቤቴን የፊት ክፍል ሱቅ አደረግኩ። በበኩር ልጄ ስም "በረከት ስፌት" አልኩት።

ጋሽ ሙደሲር አልተቆጡም። "ወንበርሽን እስከ እንቁጣጣሽ ለማንም አልሰጥም። ካልሆነልሽ ትመለሻለሽ" አሉኝ። እኔም ምናልባት ብዬ ትራሴን እዚያው ተውኩት።

ቤቴ ከኦሎምፒያ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ቅያስ ውስጥ ነው። ማንም አያየውም። ሐምሌ ሙሉ የመጣልኝ የጎረቤት ሱሪ ማሳጠር ብቻ ነው። የሱቁን ስምና አድራሻ በወረቀት ጽፌ ፎቶ ኮፒ አስደረግኩና ኦሎምፒያ ታክሲ መያዣው ጋ በተንኩ። ሰው ተቀብሎኝ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይጥለዋል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ወረቀቴን ይዞ መጣ። ተመስገን ብዬ ሜትሬን አንገቴ ላይ አደረግኩ።

"ቆሎው እዚህ ነው የሚሸጠው?" አለኝ።

ለካ ቆሎ ሻጯ የወደቀውን ወረቀት ለቅማ መጠቅለያ አድርጋዋለች።

ይህን ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። እትዬ የሺ በአጥር የምንዋሰን ጸጉር ሠሪ ናቸው፤ እኔ የምቆጥበውን ቃል ሁሉ እሳቸው ያወጡልኛል። እስኪበቃቸው ሳቁብኝና፣ "አንቺ፣ ሰው ቦታ የሚያውቀው በፌርማታ ነው! ቅያሳችን አፍ ላይ የነበረው ፎቶ ቤት ከተዘጋ ስንት ዘመኑ? ዛሬም 'ፎቶ ቤት ወራጅ አለ' እያልን እንወርዳለን። አንቺ በሕይወት እያለሽ ምን አነሰሽ? ከእንግዲህ በአንቺ ሱቅ ስም እንውረድ" አሉኝ።

"ውሸት አልናገርም፣ እትዬ።"

"ምን ውሸት አለው? ስፌት ቤትሽ ጋ አትወርጂም?"

"እወርዳለሁ።"

"በቃ!"

በማግስቱ ገበያ ደርሰን ስንመለስ አንድ ታክሲ ውስጥ ገባን፤ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። ቅያሱ ሲቃረብ፣ "በረከት ስፌት ጋ ወራጅ አለ!" አሉ።

ረዳቱ ዞረ። "የቱ ጋ ነው እሱ፣ ማዘር?"

"ውይ! ለመስመሩ አዲስ ነህ እንዴ ልጄ?"

ተሳፋሪው ሁሉ ረዳቱን አየው። ልጁ ደረቱን ነፋ። "እኔ? እዚሁ ነው ያደግኩት! በረከት ነው ያሉኝ? በቃ አወቅኩት። በረከት ወራጅ!"

አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት፣ "ጥሩ ይሰፋሉ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ይኸው የለበስኩት የእሷ ነው። እጇ ወርቅ ነው። ፊቷ ግን አይፈታም፤ እንዳትደነግጪ" አሉ። እኔ ኋላ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ለቤተ ክርስቲያንም ለገበያም መሳፈራችን አልቀረም፤ የጨመርነው ቃሉን ብቻ ነው። አዲስ መባል የሚፈልግ ረዳት አላገኘንም። አንዱ እንዲያውም "በረከትን የማያውቅ አለ እንዴ?" ብሎ ሌላውን ተሳፋሪ ተቆጣልን።

በነሐሴ መጨረሻ ኦሎምፒያ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ አንድ የማላውቀው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "በረከት! ጎተራ!" ሲል ሰማሁ። እሱን ሳይ ታክሲው ሳልሳፈር አለፈኝ።

ሰው መምጣት ጀመረ። በመጀመሪያ ዚፑ የተበጠሰ፣ ከዚያ ያቺ ታክሲ ውስጥ የነበረችው ሴት። ፊቴን አይታ ሳቀች። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚያሰፉ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ አግዳሚውን ሞሉት። ልጆቼ ከመኪናው ሥር ክር እየለቀሙ ይውላሉ።

በሩፋኤል ማግስት ጋሽ ሙደሲር በሬ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

"ወይንሸት! ዩኒፎርም በዝቶብኝ ልመልስሽ መጣሁ። ታክሲ ውስጥ 'ፎቶ ቤት ጋ አውርደኝ' አልኩት። 'ፋዘር፣ እሱ ቀርቷል፤ በረከት ነው የሚባለው' አለኝ። 'በረከት ደግሞ ምንድን ነው?' ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?"

"ምን አለዎት ጋሼ?"

"'ለከተማው አዲስ ነዎት?' ሠላሳ ዓመት ካዛንቺስ የኖርኩትን ሰውዬ!"

እትዬ የሺ በአጥሩ በኩል ሳቃቸው መጣ።

ጋሽ ሙደሲር አግዳሚውን አዩ፤ የተሰቀሉትን ልብሶች አዩ፤ አንዱን ኮሌታ ገልብጠው ስፌቱን መረመሩ። "ለረዳቶቹ ስንት ከፍለሽ ነው?"

"የተሳፈርኩበትን ብቻ።"

ሳቁ። ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "መርፌ ስጪኝ። እነዚህን ቁልፎች ልትከልልሽ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።" ሲጨርሱ ቀስ ብለው፣ "ወንበሩንስ?" አሉኝ።

"ለሌላ ሰው ይስጡት ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ሥራ የሚጀምሩ ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው። ደንበኛ ቤትሽን ከማየቱ በፊት ስምሽን ይስማ፤ ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን ይሻላል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚያመጣው ግን ስፌቱ ነው።

ጋሽ ሙደሲር በመጡ ማግስት ጠዋት ልጆቼን ቁርስ አብልቼ ካዛንቺስ ሄድኩና ትራሴን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። ስመለስ ታክሲው ወደ ቅያሱ ሲጠጋ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ረዳቱ ቀደመኝ።

"በረከት ወራጅ!"

ትራሴን አቅፌ ወረድኩ።