የመጋዙ ሰንሰለት ትራሴ ሥር

«ማን ነው ያሠለጠነሽ?»

ዶክተሩ ይሄን ሲጠይቀኝ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣራ ጣራውን አያለሁ፤ እሱ በመጋዝ የተቆረጠው ግራ ጭኔ ላይ አጎንብሶ ይሰፋል። በሩ ላይ የቆሙት አለቃዬ ጓድ አያሌው ቀደሙኝ።

«ሥልጣን አላት፣ ዶክተር! የደን ተመራቂ ናት። ሙሉ ሥልጣን ሰጥተናታል።»

ዶክተሩ መርፌውን እንደያዘ ቀና አለ። «ሥልጣን አላልኩም። ሥልጠና ነው ያልኩት።»

ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እንደኔ የተቆረጠ፣ ወይም የተቆረጠ ሰው የሚያስታምም ካለ ይጠቅመው እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አይደለም። ሙቀት ነው።

ቢቸና አጠገብ ለትምህርት ቤት መሥሪያ ባሕር ዛፍ እየቆረጥን ነበር። ከኮሌጅ መውጣቴ ነው። ስለ ዛፍ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ፤ የሞተር መጋዝ ግን በሥዕል አየሁት እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም። ይሄንኑ ለጓድ አያሌው በግልጽ ነገርኳቸው። «ተመራቂ አይደለሽ እንዴ? ተመራቂ አልችልም ይላል?» አሉና አስጨበጡኝ። ትእዛዝ ነው። በዚያን ጊዜ ትእዛዝ ላይ የሚከራከር ሰው ሌላ ስም ይወጣለታል።

የመጋዙ ጫፍ የወደቀ ቅርንጫፍ ነካ። ዘለለ። ወደኔ። ቦት ጫማዬ ውስጥ ሞቀኝ። አየሁ። ደም። ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ሰይድ የሚባሉ በመጥረቢያ የሚቆርጡ የሞጣ ሰው አብረውን ነበሩ። ጋቢያቸውን አውልቀው ወደኔ ሮጡ። «የቱ ጋ ልያዝ?»

«እዚሁ! ይጫኑት! አይልቀቁት!» ጮህኩ። አንዱ አመድ ዘግኖ መጣ። «ወዲያ ውሰድልኝ!» አልኩት።

ቢቸና ላይ የክሊኒኩ ድሬሰር ጠቅልሎ አሰረኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሆስፒታል አደረሰኝ፤ ተሰፋሁ።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ቁስሉ አመረቀዘ። ስፌቱ ተፈታ። ታጠበ። እንደገና ታጠበ። ፔኒሲሊን። አሁንም ፔኒሲሊን። «ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ከገባ እግርሽን ልናጣው እንችላለን» አለኝ ዶክተሩ። እማዬ አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ነበር የምትተኛው። ሰማች። ተነስታ እግሬን በብርድ ልብስ ሸፈነችው።

ጋሽ ሰይድ ሊጠይቁኝ የመጡት ያን ሰሞን ነው። ግራ ቀኙን አዩና አንድ ጥቅል ጨርቅ ብርድ ልብሴ ላይ አኖሩ። ከበድ ይላል።

«ምንድን ነው፣ ጋሽ ሰይድ?»

«የመጋዙ ሰንሰለት። ጓድ አያሌው መጋዙን ሞጣ ወስደህ ቁረጥበት ብለው ለኔ ሰጡኝ፤ ያለ ሰንሰለት አይሠራም ብዬ ፈታሁት። አንቺ ተምረሽ እንዲህ ከሆንሽ እኔማ አንገቴም አይተርፍ! ሸሽጊው፣ እታለም። በሽተኛ ማን ይፈትሻል?»

ስስቅ ቁስሉ አቃጠለኝ፤ ቢሆንም ሳቅሁ። ሰንሰለቱን ትራሴ ሥር ከተትኩት። በኋላ ጓድ አያሌው ብርቱካን ይዘው መጡና «ሰንሰለቱ ጠፋ እኮ!» አሉኝ። «ይፈለጋ!» አልኳቸው፤ እየቆረቆረኝ። ቢገኝብኝ አሻጥር ተብሎ እኔም ጋሽ ሰይድም እንታሰራለን። አውቀዋለሁ። ብመልሰው ደሞ ቀጥሎ እዚህ አልጋ ላይ የሚተኙት ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴን እንዳጥፍ ዶክተሩ ሲያዘኝ፣ አንዳንዴ እየተሳደብኩ አንዳንዴ እያለቀስኩ፣ እማዬም ቁርጭምጭሚቴን ይዛ «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» እያለችኝ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ግቢው ዛፍ ድረስ በክራንች መሄድ ጀመርኩ። ከሆስፒታል እንደወጣሁም በዚያው ክራንች አውራጃ ጽሕፈት ቤት ገብቼ፣ ተቀመጪ ሳይሉኝ ተቀምጬ፣ ሰንሰለቱ ያለው እኔ ዘንድ እንደሆነና አሠልጣኝ ካልመጣ እንደማልሰጥ ተናገርኩ። ኃላፊው ክራንቼን አየ፣ እኔን አየ፣ «ይቺ ልጅ ጤነኛ ናት?» አለና ስልክ አነሳ። ከአንድ እንጨት ፋብሪካ የተላከ መካኒክ መጥቶ አቋቋሙን፣ አያያዙን፣ የሰንሰለት አሞራረዱን፣ ጫፉ ምን መንካት እንደሌለበት እጄን በእጁ ይዞ አሳየኝ። እኔም ሞጣ ወርጄ፣ እያነከስኩ፣ ለጋሽ ሰይድና ለጓደኞቻቸው ያንኑ አሳየኋቸው። አንድ ሰው በትክክል እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ አይነሳም። ተማረሩብኝ። ይማረሩ!

እናንተ ደም ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ አትልቀቁ፤ አመድም ቅቤም አታስጠጉ። ሻል ሲላችሁ መድኃኒት አታቋርጡ። ሐኪም ጉልበታችሁን እጠፉ ካላችሁ፣ እየተሳደባችሁም ቢሆን እጠፉ። አለቃ የሆንክ ደሞ፣ መጋዙን የምታስጨብጠው አንተ ከሆንክ ማሠልጠኑም ያንተ ዕዳ ነው፤ «ተመራቂ ናት» አትበለኝ። እግሬ እግር የሆነው በዶክተሩ፣ በእማዬና በዚያ ጋቢ ነው፤ ሁሉንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሞጣ ላይ ሥራው ሲጀመር ከክፍለ ሀገር እንግዶች መጡ። ጋሽ ሰይድ ሰዉ ሁሉ ራቅ ብሎ እስኪቆም ጠበቁ፣ እግራቸውን አስተካከሉ፣ ቆረጡ። ዛፉ ባሰቡት በኩል ተጋደመ።

«ጎበዝ! እነዚህን ማን ነው ያሠለጠናቸው?» አለ አንዱ እንግዳ።

ጓድ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሥልጣኑ የኛ...»

አሁን ቀደምኳቸው።

«እኔን ማንም አላሠለጠነኝም ነበር፤ መጋዙ እግሬን ቆረጠኝ። እነሱን ግን ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ!»