ጣሃ ልጁን በራሱ አፍ ሲድር

ጣሃ የራሱን ስም መጥራት ያቅተዋል። ሁለት ፊደል ናት፤ ግን «ጣ» ላይ ሲደርስ ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቃል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይጨፈናል። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የመጣ ሰሞን ቡና ሊገዛ ገብቶ ስሙን የጠየቀችው ልጅ «ስምህን ረሳኸው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ ወዲህ ለቡና ሻጭ ሁሉ «ሳም» ነው። የሚያዘውም የወደደውን ሳይሆን አፉ የፈቀደለትን ነው። ዓሣ እየወደደ ዕድሜውን ዶሮ የበላ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስልክማ ጠላቱ ነው። ሰው ቢያነሳው አንድ ነገር ነበር፤ የዚህን አገር ስልክ የሚያነሳው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ የሰው ጭንቅ አይገባውም። «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት» ይልና ጆሮው ላይ ይዘጋበታል።

የጣሃ አፍ ልጁ ፈርዶሳ ነበረች። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ለአፓርትመንቱ ቢሮ የምትደውለው እሷ ነች። ሶፋው ላይ ቁጭ ትላለች፤ እግሯ ወለል አይደርስም። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ «ዲስ ኢዝ ጣሃ ስፒኪንግ» ትላለች። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ ግራ ይገባትና «ሰር?» ስትል ፈርዶሳ ምንም ሳይመስላት «የስ» ትላለች። ጣሃ ሳቁን አፍኖ ከፊቷ ይቆምና ማሞቂያው መበላሸቱን እየተንቀጠቀጠ ያሳያታል። እሷም ያየችውን ሁሉ ለሴትዮዋ ትተረጉማለች፤ አንዳንዴም ከራሷ ትጨምርበታለች።

ከመኪና ሳይወርዱ ምግብ ሲያዙ ደግሞ ከኋላ ወንበር መስኮቷን ታወርድና «አባዬ፣ ምን ልበልልህ?» ትለዋለች። ዓሣ የጠገበው በእነዚያ ዓመታት ነው። እናቷ ኡሚ «ልጅቷን አስተርጓሚህ አደረግሃት እኮ!» እያለች ትቆጣው ነበር። ጣሃም ያፍር ነበር፤ ግን ያቺን «ምን ልበልልህ» የመሰለ ጣፋጭ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቶ አያውቅም።

ልጅ ማደጉ አይቀርም። ፈርዶሳ ተምራ ፖላሪስ ከሚባለው የቢሮዎች ሰፈር ሥራ ያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ኡበይዳ የሚባል ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተዋወቀ፣ ተስማማ፤ የኒካሁም ቀን ተቆረጠ።

በኒካህ ላይ ልጅቷን የሚድራት አባት ነው። የሙሽራውን እጅ ይዞ፣ ምስክሮች እየሰሙ፣ «ልጄን ድሬልሃለሁ» ይላል። ካልፈለገ ሌላ ሰው ይወክላል። ወሎም እያሉ ሼኩን የሚወክል አባት ሞልቶ ነበር፤ ምንም ነውር የለበትም። ስለዚህ በጣሃ ቤት ነገሩ ብዙም ሳይነጋገሩበት አለቀ።

«ሼህ አብዱረዛቅ ይበሉልህ» አለችው ኡሚ።

«ዶንት ዎሪ አባዬ» አለች ፈርዶሳ ትከሻውን እያሻሸች። «ኢትስ ቶታሊ ፋይን። ስትሬስ እንዳታደርግ።»

በፍቅር ነው ያሉት። እሱም ራሱን ነቀነቀላቸው። ነገሩ ግን አልተዋጠለትም። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲናገርለት ኖሯል፤ ልጁንም ሌላ ሰው ሊድርለት ነው?

የገዛ ኒካሁ ትዝ አለው። ደሴ ላይ ከሙሽራ የሚጠበቀው «ተቀብያለሁ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። እሷን እስኪያወጣት ሻዩ ቀዘቀዘ። የኡሚ አባት «ልጁ ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?» ቢሉ ሰዉ በሳቅ ሞተ። ያኔ ሰው ይስቅበት ነበር፤ እየሳቀም ቢሆን ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እዚህ ማንም አይስቅበትም። ሁሉም ጨዋ ነው፤ ቶሎ ብሎ ይጨርስለታል።

ከሁሉም የባሰው ደግሞ የሥራ ባልደረባው ከተማ ነው። ሁለቱም ግሮቭ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ይነዳሉ። ጣሃ ይህን ሥራ የወደደው ከማሽን ጋር ስለሚውል ነበር፤ ለካ ሬዲዮ የሚባል ነገር አለ። ጣሃ ሬዲዮውን ተጭኖ «ዶ... ዶ...» ማለት ሲጀምር ከተማ የቆመበትን በር ከሩቅ አይቶ «ዶር ሰባት!» ብሎ ይጨርስለታል። ከተማ የጴንጤ ዘማሪ ነው፤ እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው አይገኝም። እንዲህ ሲጨርስለት ስንት ዓመት ሆነው።

የኒካሁ ሳምንት ጣሃ በምሳ ሰዓት መኪናው ውስጥ ይገባና መስኮቱን ዘግቶ ይለማመድ ጀመር። «ልጄን ፈርዶሳን ድሬልሃለሁ።» እንደ ውኃ ይፈስለታል። ብቻውን ሲሆን ሁሌም እንዲሁ ነው፤ መንተባተብ የሚመጣው ሰው ሲመጣ ነው። ለማንም ምንም አልተናገረም።

ቀኑ ደረሰ። ወንዶቹ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከተማም ሙሉ ልብሱን ለብሶ በካልሲው ከመሃላቸው ገባ። ሴቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ፈርዶሳ ደረጃው አናት ላይ ሆና ታዳምጣለች። ሼህ አብዱረዛቅ ዱዓ አድርገው ወደ ጣሃ ዞሩ።

«ጣሃ፣ ወክለኸኛል?»

ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃ ነበር። ግን ራሱን አልነቀነቀም።

«አ... አ... አይ» አለ። «እ... እኔው ነኝ የምድራት።»

ከፎቅ ኡሚ «ያ ረቢ!» ስትል ተሰማ። ሼኩ ጣሃን አየት አደረጉትና «እንግዲያው ቢስሚላህ በል» አሉት።

የኡበይዳን እጅ ያዘ። «ኡ... ኡበይዳ፣ ል... ልጄን ፈ...» ብሎ ተያዘ። አንገቱ ተገተረ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። ይኼኔ ከተማ፣ ልማድ ክፉ ነውና፣ ሳያስበው «ፈርዶሳን!» ብሎ ጮኸ።

ሼኩ ቀስ ብለው ዞሩ። «ወንድሜ፣ ልጅቷ ያንተ ናት እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከተማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጣሃም ሳቀ፤ የደሴን ሳቅ የሰማ መስሎት ደስ አለው። ሼኩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ከአባቷ አፍ ነው የምንሰማው» አሉ። «የሚያቻኩለን የለም። እንደ አዲስ ጀምር።»

እንደ አዲስ ጀመረ። «ኡበይዳ፣ ልጄን ፈ... ፈ...» አሁንም እዚያው ቆመ። አሁን ግን ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ፈርዶሳ ራሷ እንዳያመልጣት አፏን በሁለት መዳፏ ግጥም አድርጋ ይዛ ነበር፤ ይህን በኋላ የነገረችው ኡሚ ናት።

ጣሃ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲያዝ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ምነው ቶሎ ባለቀልኝ ይል ነበር። ዛሬ እንዲያ አላለም። መኪናው ውስጥ ሲለማመድ ያልታሰበው ነገር አሁን መጣበት፤ ስሟ ከአፉ ከወጣ ልጅቷ የሰው ሚስት ናት። ሰዉ ሁሉ ተቸገረ ብሎ ሲያዝንለት፣ እሱ «ፈ» ላይ ሆኖ ትንሽ ቢቆይ ወደደ።

«...ርዶሳን፣ ድሬልሃለሁ።»

ኡበይዳ ባንድ ትንፋሽ «ተቀብያለሁ!» አለ። ከላይ እልልታው ወረደ። ወንዶቹ ሊያቅፉት ተነሡ፤ ጣሃ ግን የኡበይዳን እጅ እንደያዘ ተቀምጦ ቀረ።