የዳልቻ መደብ

ዓይናዲስ አለነ ሦስት በሬዎች አሏት፤ ቦራ፣ ዳልቻና ወይኖ። ሣር አይበሉም። ውኃ ከነካቸው ይሞታሉ። ማራኪ ሠፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሲነፋ ውሎ በሚያድር ማቀዝቀዣ ሥር፣ በብረት መደርደሪያ ላይ ተደራርበው ይኖራሉ። ሌላው ሰው ሰርቨር ይላቸዋል።

ስሙን ያመጣችው ከአባቷ በረት ነው። አባቷ ሳንጃ አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘሩ ገበሬ ናቸው፤ «ሁለት በሬ ያለው ያርሳል፣ ሦስት በሬ ያለው ግን እያረሰ እንቅልፉን ይተኛል» የሚሉት አባባል አላቸው። አንዱ ቢያነክስ ሁለቱ ቀንበሩን ይይዛሉና። ዓይናዲስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ መምህሩ ክላስተር ስለሚባለው፣ ተጣምረው ስለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሲያስረዱ፣ ክፍሉ ሁሉ ፈዞ ሳለ እሷ ብቻ ሳቀች። ሰውየው የአባቷን በረት ነበር የሚያወሩት። በኋላ ተቀጥራ ሦስቱን ማሽኖች ስትረከብ ስም ለማውጣት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። አባቷም በስልክ ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይጠመዳሉ ወይ?

ይጠመዳሉ። በሦስቱ ጀርባ ላይ በእጅ የማይዳሰሱ አሥራ ሰባት ኮምፒውተሮች ተጭነዋል። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። አንዱ የተማሪ ውጤት ይይዛል፣ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ፣ አንዱ ፈተናውን። አንድ በሬ ሲደክም ጭነቱ ወደ ሌላው ጀርባ ይዛወራል፤ ከላይ የተቀመጠው ሰው ምንም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

ችግሩ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ማርጀቱ ነበር። እነሱ ያሉት ስድስተኛው እትም ላይ ነው፤ ስምንተኛው ከወጣ ቆይቷል። ሠሪዎቹም ከመስከረም ወዲያ ስድስተኛውን እንደማይጠግኑ አስታውቀዋል። ከስድስት ወደ ስምንት መዝለል ደግሞ የለም። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ቅኔ ቤት እንደማይገባ ሁሉ፣ በሰባት ማለፍ ግድ ነው።

ዓይናዲስ ሰኔንና ሐምሌን ዕቅዱን ስትጽፍ ከረመች። አሥራ አራት ገጽ ወጣው። መጀመሪያ የሁሉም ነገር ቅጂ ይወሰዳል። ቅዳሜ ዳልቻ ጭነቱን አራግፎ ይወርዳል፣ ሰባተኛውን ለብሶ ይነሣል፤ ከዚያ ቦራ፣ ከዚያ ወይኖ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ተራ ወደ ስምንት። ጭነት ከአሮጌው ወደ አዲሱ መሻገር ይችላል፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ግን አይመለስም። ሁለት በሬ በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠበቃል፤ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ለዕርቅ እንደማይቀመጥ፣ የቀረው አንዱ ብቻውን አይሠራም።

ዲኑ ዶክተር ታከለ ዕቅዱን አገላብጠው አዩና ሸጋ ነው አሉ። ነገር ግን ከአሥራ ሰባቱ ያረጁት ማሽኖች ለአንድ ሰዓት መዘጋታቸው ስለማይቀር፣ አሥራ አንዱም የክፍል ኃላፊዎች ተስማምተናል ብለው ይፈርሙ አሉ። እስከ ሐሙስ ነሐሴ አሥራ አምስት ማታ ካልተሟላ ሥራው ለአዲስ አበባ ድርጅት ይሰጣል። ድርጅቱ የሚመጣው ጥር ላይ ነው። የመስከረም ምዝገባ እንግዲህ በታመመ በሬ ሊታረስ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራቸውን የጠረገችላቸውን በሬዎች ደግሞ ሌላ ሰው ሊፈታቸው ነው።

በአሥር ቀን ውስጥ ያገኘችው ሦስት ፊርማ ነበር። አሥራ አራቱን ገጽ የሚያነብ ጠፋ። የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ ይርገዱ ጭራሽ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጡ መልሰውላታል። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዓይናዲስ ተናዳ ዕቅዱን ወደ ግማሽ ገጽ አሳጠረችውና ሻይ ክበቡ በር ላይ ለጠፈችው፦

«ቅዳሜ ጠዋት ዳልቻ ይወርዳል። ቀጥሎ ቦራ፣ ቀጥሎ ወይኖ። መደቡ በየክፍሉ ተለይቷል። የተስማማችሁ ስማችሁንና የመደባችሁን ብዛት ጽፋችሁ ፈርሙ።»

መደብ ያለችው የማሽኖቹን ምድብ ነው። ፍልሰታ ከገባች አሥራ ሁለት ቀን መሆኑን፣ በዓሏም ዘንድሮ ዓርብ ላይ ስለዋለች ሥጋው ለቅዳሜ መተላለፉን ልብ አላለችም።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱ ሞልቶ አገኘችው። አሥራ አንድ ስም፣ አሥራ አንድ ፊርማ። ነቅላ ወደ ዲኑ ቢሮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። የይርገዱን ስም ስታይ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ «ሁለት መደብ» ብለዋል፣ የሬጅስትራሩ ማሽኖች በእርግጥም ሁለት ናቸው። ለካ አንብበውት ኖሯል። እየወጣች ቀጣዩን አየች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማስተዋል ከፊርማው ጎን «ጉበቱ ለብቻው ቢታሰብልኝ» ብሎ ጽፏል። ዓይናዲስ እግሯ ደረጃው ላይ ቆመ።

ከታች የግቢው ጥበቃ አያ አለምነህ የተጠቀለለ ጠፍር ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲፈልጓት ቆይተዋል።

«ልጄ፣ በሬዎቹ መቼ ይገባሉ? ከጀርባ በኩል ሣሩን አስተካክዬላቸዋለሁ።»

«የትኞቹ በሬዎች፣ አያ አለምነህ?»

«ምነው፣ ዳልቻና ቦራ ናቸዋ። ግን ሦስት በሬ ለአሥራ አንድ ሰው አልበዛም? ወይስ ከስታችሁ ነው?»

ዓይናዲስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ኮሌጁ ሁሉ የፈረመው ለቅርጫ ነው።

ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። ዲኑ የጠየቁት ስም አለ፣ ፊርማ አለ፣ «የተስማማችሁ» የሚልም አለ። ከጉበቱ በቀር የሚጎድለው የለም፤ ጉበቱንም በማጥፊያ መንካት ይቻላል። እስከ ዲኑ ቢሮ የቀረው ስምንት ደረጃ ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ይርገዱ ሳፋ ይዘው ሲመጡ፣ ሥጋው ቀርቶ ሲስተማቸው ተዘግቶ ሲያገኙት ታያት። በሥጋ ስም የተገኘ ፊርማ ላይ ሰርቨር ማውረድ ከሰው በረት በሬ ከመንዳት አይለይም። ተነሥታ ወደ ታች ወረደች። ከባዱን ላስቀድም ብላ ቀጥታ ወደ ሬጅስትራር ሄደች።

ይርገዱ ነገሩ ቅርጫ እንዳልሆነ ሲሰሙ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እንግዲያው አልፈረምኩም ማለት ነው» አሉ።

ምክንያታቸውን ያን ቀን ነው የነገሯት። ከአምስት ዓመት በፊት፣ እሷ ሳትመጣ፣ አንድ ማሽን ለጥገና ተብሎ ተዘጋና ሳይነሣ ቀረ። የሦስት ሺህ ተማሪ ውጤት ከወረቀት ላይ አንድ በአንድ መልሰው ጻፉ። ክረምቱ በዚያ አለቀ።

«ያንቺ ዳልቻስ፣ ወርዶ ባይነሣ?»

ዓይናዲስ አሥራ አራቱን ገጽ አላወጣችም። ምድር ቤት ይዛቸው ወረደች። የአንድ ተማሪ ውጤት በስልካቸው እንዲከፍቱ ለመነቻቸው፤ ከፈቱ። እሷ ቁልፎቹን ጥቂት ነካካች። ይርገዱ ከብርዱ የተነሣ አስነጠሳቸው፣ ይማርዎ አለቻቸው፣ ገጹን እያገላበጡ ጠበቁ።

«መቼ ነው የሚጀመረው?»

«አልቋል፣ እትዬ ይርገዱ። ዳልቻ ላይ ነበር፤ ሲያስነጥስዎ ቦራ ላይ ተሻገረ።»

ይርገዱ ስልኩን ተጠራጥረው አዩት። ዓይናዲስ ሁለተኛው ማሽናቸው ግን ሽማግሌ መሆኑን፣ እሱ እንዲህ ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ እንደሚሻገር፣ ያችን አንድ ሰዓት የምትፈልገውም ለእሱ መሆኑን አልደበቀችም። ባይነሣስ ለሚለው መልሷ ደግሞ የውጤቱ ሁሉ ቅጂ ነው። የት ይቀመጣል ሲሏት እዚሁ መደርደሪያው ላይ ብላ ልትመልስ ነበር፤ ዕቅዱ ላይም እንደዚያ ነው የተጻፈው። ሴትዮዋን ስታያቸው ግን ሐሳቧን ለወጠች። ወተት ከላሟ ጋር በረት አያድርም።

«ቅጂው እርስዎ ጋ ይደር» አለች። «የብረት ቁም ሳጥንዎ ውስጥ። ቁልፉንም እርስዎ ይያዙ፤ እኔም ብሆን ሳልጠይቅዎ አላገኘውም።»

ይርገዱ ቁልፋቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አገላብጠው አዩት። እስከዛሬ ከዚህ ምድር ቤት የመጣ ሰው ቁልፍ ሲጠይቃቸው እንጂ እርስዎ ይያዙት ሲላቸው አላዩም።

«ፊርማዬን አልሰርዝም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አሥራ አራት ቀን ሽሮ በልቼ ነው የፈረምኩት። በሬ ተብሎ ተለጥፏል፤ በሬ ይምጣ።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀለለ። ይርገዱ ራሳቸው እየመሯት በየቢሮው ዞሩ። እየሳቁም እያኮረፉም፣ የተነገራቸው ሁሉ ገብቷቸው ፈረሙ። ማስተዋል ብቻ ጉበቱ ሳይረጋገጥ ብዕር አልነካም ብሎ እስከ ሐሙስ ከሰዓት አስቸገረ። አያ አለምነህም ሐሙስ ገበያ ጠፍራቸውን ይዘው ወጡ፤ ይዘው የመጡት በሬ ቡላ ነው፣ ስም አልወጣለትም።

ዶክተር ታከለ አዲሱን ወረቀት ያዩት ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነው። ዓይናዲስ ሁለት ረድፍ አድርጋበታለች፤ አንዱ ለሰርቨር፣ አንዱ ለሥጋ፣ እንዳይቀላቀል። ከሥሩ የቅዳሜ መርሐ ግብር አለ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«ዳልቻ፣ ቦራ፣ ወይኖ ገብተውኛል» አሉ። «በሦስት ሰዓት ከጀርባ ይወርዳል የሚለው አራተኛውስ በሬ ማነው?»

«እሱ የማይነሣው ነው፣ ዶክተር።»

ዲኑ ቀና ብለው አዩዋት፣ መልሰው ወረቀቱን አዩ። በመጀመሪያው ረድፍ ግርጌ «ተፈቅዷል» ብለው ፈረሙ። ብዕሩን ሳይከድኑ በሁለተኛው ረድፍ ግርጌ ደግሞ ስማቸውን ጻፉና «አንድ መደብ» ብለው ጨመሩበት።