የሰልፈኛው ልጅ ኮት

ሰፈሩ «ሰልፈኛው» የሚለው ልብስ ሰፊ እሱ ቢቀመጥም እግሩ አይቀመጥም። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና የሙጥኝ ያለውም ለዚሁ ይመስላል፤ የኤሌክትሪኩን ሞክሮ «ይሄማ እግር ያሰንፋል» ብሎ መልሶታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው። አገሩን ወክሎ በዓለም አቀፉ ጨዋታ ሊሮጥ ተመረጠ፤ ባሕር ተሻገረ፤ ኮት ለብሶ ከባንዲራው ኋላ በመክፈቻው ሰልፍ ስታዲየሙን ዞረ። በማግስቱ ከመንግሥት ትእዛዝ መጣ፤ አገሪቱ ከጨዋታው ወጥታለችና ሁሉም ይመለስ ተባለ። ለምን እንደወጣች ትልልቆቹ ያውቃሉ፤ እሱ የሚያውቀው የመሮጫ ጫማው ከካርቶኑ ሳይወጣ መመለሱን ነው። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ መቀስ ያዘ። ጨዋታ ያማራቸው ጎረቤቶች «ባሕር ተሻግሮ ተሰልፎ የመጣ» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ውስጡን ግን ያንገበግበዋል።

እንደ ካሳ የሚቆጥረው ወደ ጨዋታው ለሚሄደው የአገሪቱ ቡድን የሰልፍ ኮት መስፋቱን ነው። አገሪቱ ሁለት ሯጭ ብቻ ይዛ በሄደች ጊዜም፣ ቦክሰኛና ብስክሌተኛ ጨምራ በሄደች ጊዜም፣ ሜዳልያ ባገኘችበትም ባዶ እጇን በተመለሰችበትም፣ ሰልፉ ላይ የታየው ኮት የእሱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ከሚሰፋላቸው አንዷ የገዛ ልጁ ናት፤ የስምንት መቶ ሜትር ሯጭ። የእሷን ኮት ሰፋው፣ ተረተረው፣ እንደገና ሰፋው፤ ከሁሉም አስቀድሞ አስረከባት።

ቡድኑ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው የፌዴሬሽኑ ሾፌር አንድ ኮት በፌስታል ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለቡድኑ ወጌሻ እንዲያሰፉለት ተብሏል።»

ሰልፈኛው ገበሩን ገለጥ አድርጎ አየ። እንዲህ ያለ ድርብ ስፌት ለሌላ ለማንም አልሰፋም፤ የልጁ ነው። ወጌሻው ደግሞ ሲቆም በር የሚሞላ ሰው ነው።

«ሯጭ አስቀርተው ሆድ ሊልኩ!» ብሎ ጮኸ።

ሾፌሩ ምንም እንደማያውቅ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። ሰልፈኛው መቀመጥ አቃተው። የቀሩትን ኮቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው፤ በር ላይ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ። ልጁ ጋ ይደውላል፤ ልምምድ ላይ ናትና አታነሳም። ሚስቱ ምሳ ይዛ መጥታ «አንተ ሰው፣ ወለሉን ልትጨርሰው ነው እንዴ?» አለችው።

«እኔን እንዳደረጉኝ እሷንም ሊያደርጓት ነው» አለ። «ልጄ ካልሄደች አንድ ኮት ከዚህ ቤት አይወጣም!»

«የሰው ልጆች ምን በደሉህ?»

የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ወደ በሩ ተመለሰ። ምሳውም እንደተከደነ ቀዘቀዘ።

ልጅቷ አመሻሽ ላይ ላቧ ሳይደርቅ ከች አለች።

«አባዬ፣ ኮቱን አሰፋኸው?»

«ማን ነው ያስቀረሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ!»

«ማን አስቀረኝ? የሰጠሁት እኔው ነኝ። በሰልፉ ማግስት በጠዋት ማጣሪያ አለኝ፤ እዚያ ቆሜ አምሽቼ እግሬን አልጨርስም። ወጌሻው ደግሞ ኮት አልታዘዘለትም፤ በእኔ ቦታ ይሰለፍ።»

ሰልፈኛው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ኮቱ ከቀረ ጉዞውም የቀረ መስሎት ነበር፤ እሱ ከጨዋታው የደረሰው ሰልፉ ብቻ ነዋ! ተመስገን አለ። ወዲያው ደግሞ ከፋው።

«እና ከባንዲራው ኋላ ሳላይሽ?»

ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ጉልበቱን ያዘችው።

«አባዬ፣ መሰለፉንማ አንተ ተሰልፈህልኛል» አለችው። «እኔ ልሩጥ።»

ሰልፈኛው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ምላጭ አንስቶ ድርብ ስፌቱን መተርተር ጀመረ።

«ሰውየው መጥቶ ይለካ በያቸው» አለ። «ለዚያ ሆድ በግምት አይሰፋም።»