ከጄኔራሉ የምትቀድም መትረየስ

በጦር ክፍሉ ካሉ ሾፌሮች እንደሱ ቁጡ አልነበረም። ስሙን ትተው «እሳት ጎርሶ» ይሉታል። መንገዱ ሲበላሽ ይቆጣል፤ ሲጠገን ደግሞ «እስከዛሬ የት ነበራችሁ?» ብሎ ይቆጣል።

ሰሞኑን ግን የተቆጣው እውነት ይዞ ነው። ሠራዊቱ የታጠቃት አዲሷ መትረየስ ትንሽ ተኩሳ ስትሞቅ የጥይት ቀለህ ትነክስና ጭጭ ትላለች። ወታደሮቹ «አኩራፊት» አሏት፤ ቢለማመጧትም ቢመቷትም አትታረቅም። መርጠው ያስገቧት ጄኔራሉ ራሳቸው ስለሆኑ ደፍሮ የሚነግራቸው ጠፋ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነው ነገሩ።

ከእነዚህ አዳዲስ መትረየሶች ሁሉ አንዲት ብቻ ደህና ወጣች፤ እሷን «ደጓ» ይሏታል። ጄኔራሉ ምሽግ ሊጎበኙ በተነሡ ቁጥር የክፍሉ አዛዥ ሻለቃው ደጓን በሸራ ጠቅልሎ በእሳት ጎርሶ መኪና ይጭናታል፤ በአቋራጭ ቀድማቸው ትደርሳለች። ጄኔራሉ ይመጣሉ፣ ይተኩሳሉ፣ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ። እሳቸው ሻይ ሲጠጡ እሷ ወደሚቀጥለው ምሽግ ትከንፋለች። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲታለል ማየት ያሳፍራል፤ እሳት ጎርሶም ጥርሱን ነክሶ ያመላልሳታል።

ጉብኝቱ ኮረብታው ላይ ወዳለው ምሽግ ሲዞር ግን ነገሩ ቤቱ ገባ። ታናሽ ወንድሙ እዚያ የመትረየስ ተኳሽ ነው። ባለፈው ውጊያ አኩራፊት በእጁ ላይ ዝም ብላ፣ አጠገቡ የነበረ ጓደኛው ሞቶበታል። ታናሽየው መኪናውን ሲያይ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬም ልትወስድብን ነው ያመጣሃት?»

እሳት ጎርሶ ሸራውን ሊፈታ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። «አላወርዳትም» አለ። «የራሳችሁን ይተኩሷት። ዓይናቸው አይቶ ይቀይሩላችሁ።»

ጄኔራሉ ደረሱ። ሻለቃው የቀረበችው ደጓ መስላው ደረቱን ነፍቷል። ጄኔራሉ ተንበርክከው ቃታ ሳቡ፤ አኩራፊት ጥቂት ተንጣጣችና ቀጥ አለች። ደግመው ቢስቡ ወይ ፍንክች! የሻለቃው ፊት አመድ መሰለ።

ጄኔራሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። «ተኳሹ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ታናሽየው።

«መሣሪያ መያዝ የማያውቅ ምሽግ ላይ ምን ይሠራል? እሰሩት!»

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የመትረየሷ ነው!» ብሎ እሳት ጎርሶ ዘሎ ገባ።

«የመትረየሷ?» አሉ ጄኔራሉ። «በየምሽጉ በገዛ እጄ ተኩሻለሁ! አንዷም አላስቸገረችኝ።»

«እሷማ...» ሲል ሻለቃው ክንዱን ጨምድዶ ከፊታቸው ገለል አደረገው። ጄኔራሉም ተሳፍረው ሄዱ። ጥይት አቀባዩ በተኳሹ ቦታ ተተካ። አኩራፊት ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

እስረኛውን የማድረስ ሥራ ለራሱ ለእሳት ጎርሶ ደረሰው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወንድሙን ሊያጽናና ሞከረ። «ይሁን ግዴለም። ቢያንስ ከሷ ተገላገልክ። እማዬም እንቅልፍ ይወስዳታል።»

ታናሽየው በታሰሩ እጆቹ የመኪናውን በር ደበደበ። «በኔ ቦታ ያስቀመጡት ልጅ እናት የለውም? ደጓን ከኋላህ ጭነህ ስለ እንቅልፍ ታወራለህ?»

እሳት ጎርሶ ፍሬኑን ረገጠ። ዕድሜ ልኩን በሰው ሲቆጣ ኖሮ ዛሬ ንዴቱ በራሱ ላይ ዞረ። መኪናውንም መልሶ ሽቅብ ነዳ።

የምሽጉ አሥር አለቃ ደጓ ስትወርድ አይቶ «ማን አዘዘህ?» አለው።

«ንዴቴ!» አለና አኩራፊትን አንሥቶ መኪናው ላይ ወረወራት።

በእስር ቤቱ በር ወንድሙን በቀኝ እጁ፣ አኩራፊትን በትከሻው ይዞ ገባ። መትረየሷን ጠባቂው ጠረጴዛ ላይ አጋደማት። «ጥፋተኛዋ ይቺ ናት። ጄኔራሉ ከጠየቁህ፣ በየምሽጉ የተኮሱት ያችኑ አንዲት ደህና መትረየስ ነው፤ ያመላለስኳትም እኔ ነኝ በላቸው።»

ጠባቂው በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። ይሄን ለሳቸው አልናገርም።»

«እንግዲያው ቆልፍብን!» አለ እሳት ጎርሶ፤ ገብቶም ከወንድሙ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።