ኩሬው ዳር ያሉት ሰውዬ

በኦክቶበር መጨረሻ ፍሪሞንት ካለ አንድ ኩሬ ዳር ቆሜ ባስ የሚሉትን ዓሣ አጠምድ ነበር። አጠምድ ነበር ስል ራሴን ማሞገሴ ነው፤ እስከ ረፋዱ ድረስ የያዝኩት አንድ የዛፍ ቅርንጫፍና የገዛ ኮፍያዬን ነው።

ከእኔ አለፍ ብለው አንድ አዛውንት ቆመዋል። ሱፍ ኮት ለብሰው የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከተዋል። ደረታቸው ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆስፒታል ለበሽተኛ ጠያቂዎች የሚሰጠው ወረቀት ተለጥፏል። ፀሐይዋ ጠፍታ ነፋስ ሲነሳ እኔ ጃኬት ፍለጋ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ስመለስ እሳቸው የክንዴን ያህል ባስ ይዘው መንጠቆውን በቀስታ እያላቀቁለት ነበር። ከዚያ መልሰው ውሃ ውስጥ ለቀቁትና ክራቸውን እንደገና ዳር ላይ ወረወሩ።

በአማርኛ ስራገም ሰምተውኝ ኖሯል፤ «ሊዘንብ ሲል ዓሣው ወደ ዳር ይመጣል። አንተ መሐሉን ትደበድባለህ» አሉኝ።

ወዲያው ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። ስለ ዓሣ ማጥመድ ሁለት ቪዲዮ ያየሁት እኔ ሊቁ፣ «አባባ፣ ድምፁን ቢያጠፉት ጥሩ ነው፤ ዓሣው ይሸሻል» ብዬ መከርኳቸው።

ስልኩን አዳምጠው «ኦኬ፣ አይ አም ካሚንግ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሽሽ ልጄ። ባለቤቴ ስትነቃ ካላየችኝ ትፈራለች» አሉና የማጥመጃ ዘንጋቸውን እጄ ላይ ጥለው ሄዱ።

ዝናቡ ጀመረ። ሁለት ዘንግ ይዤ እንደተገተርኩ የእሳቸው ክር በኃይል ተጎተተ። የማደርገው ጠፍቶኝ «አባባ! አባባ!» እያልኩ ጮኽኩ። እሳቸው ግን መንገዱን ተሻግረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ወደ ሆስፒታሉ በር እየሮጡ ነበር።