በእናቴ ስም የነበረችው ቮልስ

ቮልሷን የገዛናት እኔና አባቴ አዋጥተን ነበር፤ ሊብሬዋ ግን በእናቴ ስም ወጣ። «ልጅ ነገ ሚስት ያገባል፣ መኪናዋም ከሚስቱ ጋር ትሄዳለች» ብሎ አባቴ ወሰነ። እኛ ቤት መጠርጠር ጨዋነት፣ ማመን ሞኝነት ነበር። እናቴ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ስትል ልጆቿንም ጨምራ ነው።

ለነገሩ አልፈርድባትም። ገና ሙሽራ ሳለች የገዛ ወንድሟ «የግብር ወረቀት ነው» ብሎ ጣቷን አስፈርሟት፣ ከአባቷ የደረሳትን መሬት ሸጦባታል። ፊደል አልቆጠረችም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ባየች ቁጥር እጇ ነጠላዋ ሥር ይገባል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

አባቴ ከሞተ፣ መንግሥትም ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቮልሷ አረጀችና አንድ የጉደር ነጋዴ ሊገዛት መጣ። እናቴ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከሄደ በኋላ «ለምን ዋጋ አልተከራከረም?» አለችኝ። ሊብሬዋ ያኔም «ሀገረ ሕይወት» የሚል፣ በአምቦ የድሮ ስም የተቀረጸ ማኅተም ያለበት፣ ፋይሏም አዲስ አበባ የተቀመጠ ነበር። ስም ለማዛወር እዚያ መሄድ ግድ ሆነ። የእናቴ ጉልበት ደግሞ የአውቶቡስ መንገድ አይችልም። ስለዚህ ለእኔ ውክልና እንድትሰጠኝ አምቦ ውክልና ከሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ ታይፕ ይዞ ከሚቀመጥ ጸሐፊ ዘንድ ወረቀት አስመታሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ኦሮምኛ፣ ከሆነ ሰንብቷል። ኦሮምኛውን ከሰፈርና ከገበያ አውቀዋለሁ፤ በወሬ የሚረታኝ የለም። ማንበቡን ግን «ነገ እደርስበታለሁ» እያልኩ ዓመታት አለፉ። ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲታደል እኔም እንደ ሰው አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ ሰው ገጽ ሲገልጥ እገልጣለሁ። ማንም አላወቀብኝም።

የተቀበለን ሠራተኛ የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ለእናቴ ወንበር አቀረበላት፣ ጣቷን ቀለም አስነካትና «ሀርሜ፣ እናቴ፣ የተጻፈውን ያውቁታል?» ብሎ ጠየቃት።

«ልጄ ያንብብልኝ» አለች።

ወረቀቱን አነሣሁና በአማርኛ «ቮልሷን እንዲሸጥልኝ ለልጄ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብዬ አስቀመጥኩት። እናቴ ወረቀቱን አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው።

«ዓይንህ አልተንቀሳቀሰም» አለች። «እንደተጻፈው አንብብ። አካ ጂሩቲ ዱብሲ!» ብላ በኦሮምኛም ደገመችው።

ከኋላችን ሰልፍ አለ። ተማሪዬ ይጠብቃል። ጆሮዬ ጋለ። ፊደሎቹን ከእንግሊዝኛ አውቃቸዋለሁ፤ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጀመርኩ። «ኮን… ኮንኮ… ኮንኮላታ።» ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ተማሪዬ ቀስ ብሎ «መኪና ማለት ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ቀጠልኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ «መነ ጂሬኛ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። መኖሪያ ቤት ማለት ነው። እኔም ነገሩን ያወቅሁት ከራሴ አፍ ሰምቼ ነው።

እናቴ ቀለም የነካውን ጣቷን ጨበጠችው።

«ቤቴ መኪናው ውስጥ ምን ይሠራል?»

ጸሐፊው የሌላ ሰው ውክልና ገልብጦ ስም ብቻ ለውጦልኛል፤ ቤት መሸጥ መለወጡም እንዳለ ቀርቷል። ይህን ማን ያምነኛል? ወይ የእናቱን ቤት ሊበላ የመጣ ሌባ ልሆን ነው፣ ወይ ማንበብ የማይችል መምህር።

«እማዬ፣ አላነበብኩትም» አልኩ። «ማንበብ አልችልም።»

«ሃያ ዓመት ሰው ስታስተምር?» አለችኝ። ተማሪዬ አቀርቅሮ ደብተሩን ያገላብጥ ጀመር።

ሌላ ወረቀት ተመታ፤ ተማሪዬ ራሱ ሁለት ጊዜ አነበበላትና ፈረመች። ቮልሷም ተሸጠች። እናቴ ግን እስከ ቤት ድረስ ቀለም የነካውን ጣቷን ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ያን ወንድሟን እያሰበች እንደነበር አላጣሁትም፤ ከእሱ ጋር መቆጠሬ አንገበገበኝ።

በሳምንቱ ከጎረቤት የለመነችውን የአንደኛ ክፍል የቁቤ መጽሐፍ አምጥታ አልጋዬ ላይ ጣለችው። «ተማር» አለች። ደሜ ፈላ። ከአልጋዬ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ወርውሬ ተውኩት። አልፎ አልፎ «ከፈትከው?» ትለኛለች። «እከፍተዋለሁ» እላለሁ። ኋላ መጠየቁንም ተወችው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ አረፈች። አርባዋ ካለፈ በኋላ ለውርስ ጉዳይ የቤቱን ወረቀት ስንፈልግ ሣጥኗ ውስጥ የለም። ፍራሿ ሥርም የለም። ሸነን ከተማ ነርስ ሆና የምትሠራው እህቴ ፍለጋዋን አቁማ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እማዬ የመኪናውን ነገር ነግራኛለች» አለችኝ።

ወደ እኔ ክፍል ገብታ መደርደሪያውን ማራገፍ ስትጀምር አልከለከልኳትም። አቧራ የጠጣው የቁቤ መጽሐፍ በእጇ ሲገለጥ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ቦታ ታጥፎ የተቀመጠው የቤቱ ወረቀት ነበር።

«አንተው ጋ!» ብላ ጮኸች። «ከራስህ አልጋ በላይ!»

እናቴ መቼ እንዳስገባችው አላውቅም። መጽሐፉን ብከፍተው ኖሮ ወረቀቱ በአደራ የእኔ ነበር፤ ካልከፈትኩት ደግሞ ከእኔ የተሸሸገ ነበር። እንዲያ አስባ መሰለኝ። አፈርኩ፤ በዚያው ደግሞ ናፈቀችኝ።

«ከፍቼው አላውቅም» አልኳት እህቴን።

«ስንት ዓመት ሙሉ?»

«አንድም ቀን።»

መጽሐፉን ደረቴ ላይ ገፋችው። «እስቲ አንብበው።»

ገጹ ላይ የላም ሥዕል አለ። ከሥሩ ያለውን መስመር ጣቴን እያስኬድኩ መልቀም ጀመርኩ፤ ተሰናከልኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ላብ ሲያሰምጠኝ እህቴ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው።

«በቃ፣ በቃ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አመንኩህ።»